ቆርጬ ሳሳጥረው ገዝፎ የወጣው ቪዲዮ፤ የፋይልን መጠን በልክ ስለ ማውጣት የግል ተሞክሮ

የጎረቤታችን ልጅ የመልስ ዝግጅት በሙሽሪት አጎት ስልክ ተቀርጾ እጄ ሲገባ ርዝመቱ 42 ደቂቃ፣ መጠኑ ደግሞ 5.3 ጊጋባይት ነበር። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ጣሪያውን የቀረጸበትን፣ ሰው ከፊቱ ቆሞ የጋረደውንና ማይክሮፎን ሲሞከር የነበረውን ክፍል ሁሉ አውጥቼ 31 ደቂቃ ላይ አደረስሁት። ጥቂት ጽሑፍ ጨመርሁበት፣ ቀለሙን አስተካከልሁና ኤክስፖርት የሚለውን ተጫንሁ። የወጣው ፋይል 11.6 ጊጋባይት ነበር። ሩቡን ያህል ቆርጬ ጥዬለት መጠኑ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

ፋይሉን ወደ አጎትየው ስልክ መመለስ አልተቻለም፤ የቀራቸው ባዶ ቦታ 6 ጊጋባይት ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ከብዶ ወጥቷል» ስላቸው «አሳጥርልኝ አልኩህ እንጂ አደልብልኝ መች አልኩህ?» ብለው ሳቁ። እሳቸው ቢስቁም እኔ አፍሬ ስለነበር ተጣድፌ የባሰውን ሠራሁ። ያንኑ 11.6 ጊጋባይት ፋይል ስልክ ላይ በሚሠራ የቪዲዮ ማሳነሻ መተግበሪያ ውስጥ አስገባሁ፣ «ዝቅተኛ» የሚለውን መረጥሁና 500 ሜጋባይት አድርጌ ላክሁላቸው። በማግስቱ ደወሉልኝ። የሙሽሪት ቀሚስ ጥለት ተድበስብሶ አንድ ወጥ ቀለም መስሏል፤ ቡናው ሲፈላ የተነሳው የዕጣን ጭስ ደግሞ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይዘላል። በኋላ ከስልካቸው ቀረጻ ተነሥቼ እንደገና ሠራሁላቸው እንጂ ያ ፋይል ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሰርግ፣ የክርስትናና የስብሰባ ቪዲዮዎችን በማቀናበር የተማርሁትን ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥማቸው ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጽፌዋለሁ።

በስልክም ሆነ በካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ የሚቀመጠው ታምቆ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው አንድ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ፣ ሳይታመቅ ቢቀመጥ 3.1 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታሰብ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 280 ጊጋባይት ይሆን ነበር። የማቀናበሪያው ፕሮግራም ቀረጻውን ስንሰጠው ይህን እምቅ ፈትቶ ፍሬም በፍሬም ይዘረጋዋል፤ ኤክስፖርት ስንል ደግሞ እንደ አዲስ ያምቀዋል። በዚህ ጊዜ የሚያምቀው ክፍል፣ ማለትም ኢንኮደሩ፣ የመጀመሪያው ፋይል ምን ያህል እንደነበረ ግድ አይሰጠውም፤ የሚታዘዘው ለተሰጠው ቢትሬት ነው። ቢትሬት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ስንት ቢት እንደሚመደብ የሚወስን ቁጥር ሲሆን፣ ያ ስልክ የቀረጸው በሰከንድ 17 ሜጋቢት ያህል ነበር። እኔ የተጠቀምሁበት ፕሮግራም ግን እኔ ሳልነካው 50 ሜጋቢት ላይ ተቀምጦ ኖሯል። 31 ደቂቃ 1860 ሰከንድ ነው፤ በ50 ሲባዛ 93,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል 11,625 ሜጋባይት ይወጣል። ምሥጢር ያልሁት ነገር የአራተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ሆኖ ተገኘ።

ይህ ስሌት ለማንኛውም ቪዲዮ ይሠራል፤ ቢትሬትና ርዝመት ከታወቁ የፋይሉ መጠን ታወቀ። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምኦቪ ወደ ኤምፒ4 መቀየር መጠኑን አይቀንስም፤ የመያዣው ስም ይለወጣል እንጂ ዕቃው ያው ነው። ቢትሬቱን ከመነሻው ቀረጻ በብዙ እጥፍ ማሳደግም በቀረጻው ውስጥ ያልነበረ ጥራት አያመጣም። እንደገና መታመቅ ሁልጊዜ ጥቂት ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ጥራቱ እንዲጠበቅ ስፈልግ ከመነሻው ትንሽ ከፍ አድርጌ መስጠቴ ግን አልቀረም።

አሁን ሥራ ስቀበል አስቀድሜ የምጠይቀው ቪዲዮው በምን እንደሚላክና በምን እንደሚታይ ነው። ይህን ልማድ ያስያዘኝ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ማለትም 6600 ሰከንድ፣ የሚፈጅ የሰርግ ቅንብር ነው። ቤተሰቡ በፍላሽ ስለፈለገው በሰከንድ 18 ሜጋቢት አድርጌ 15 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል አወጣሁ፤ ፍላሹ 32 ጊጋባይት ስለነበረ ቦታ አላሳሰበኝም። ኮፒ ሳደርገው ግን አልቀበልም አለ። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ፍላሾች ፋት32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጁ ናቸው፤ ይህ ፎርማት ደግሞ ባዶ ቦታው የቱንም ያህል ቢሆን 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን በኤክስፋት እንደ አዲስ ፎርማት ሳደርገው ፋይሉ ገባ፤ ይሁን እንጂ የቤተሰቡ ቴሌቪዥን ፍላሹን ጭራሽ ሳያውቀው ቀረ። የሙሽራው እናት «ልጄ፣ ባዶውን ነው እንዴ የሰጠኸን?» ብለው ሲደውሉ መንገድ ላይ ነበርሁ።

ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለስሁ። ለፋይሉ 4000 ሜጋባይት ብመድብ በ8 ሲባዛ 32,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለ6600 ሰከንድ ሲካፈል 4.85 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ ከዚህ ላይ ለድምፅ 0.19 ስቀንስ ለምስሉ 4.6 ያህል ይቀራል። በዚህ ቁጥር የቤተክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓትና የሽማግሌዎቹ ምርቃት ጥሩ ሆነው ወጡ፤ ሰው በዝግታ የሚንቀሳቀስበትና ካሜራው በእግሩ የቆመበት ቦታ ብዙ ቢት አይፈልግም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው እስክስታ ግን ትከሻው ሁሉ ተቀባባ። በመጨረሻ ቪዲዮውን ለሁለት ከፈልሁት፤ ሥነ ሥርዓቱ አንድ ፋይል፣ አዳራሹ ሌላ ፋይል ሆነና እያንዳንዳቸው 55 ደቂቃ ሲሆኑ 9.7 ሜጋቢት ደረሳቸው። ከመጭመቅ መክፈል ይሻላል የሚለው አቋሜ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ተመልካቹም ቢሆን ጭፈራውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ወደፊት ከማሳለፍ ያርፋል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በዊንዶውስ ላይ የሚታየው የጊጋባይት ቁጥር የሚቆጠረው በ1024 ስለሆነ፣ በእኔ ስሌት 4000 ሜጋባይት የሆነው ፋይል እዚያ ላይ 3.72 ሆኖ ይታያል። ቦታ ተረፈኝ ብሎ ቢትሬቱን ከፍ ማድረግ ወሰኑ ላይ ያላትማል፤ ኢንኮደሩም ከታዘዘው ትንሽ አልፎ ሊሄድ ስለሚችል ሁልጊዜ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ትርፍ እተዋለሁ።

ከዚህ ይበልጥ ያስቸገረኝ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች የሚላከው ቅጂ ነበር። የዚያው ሙሽራ እህት ቨርጂኒያ ስለምትኖር ሰርጉን በቴሌግራም ጠየቀች። ቴሌግራም ለተራ ተጠቃሚ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት፣ ፕሪሚየም ለከፈለ እስከ 4 ጊጋባይት ይፈቅዳል። 1900 ሜጋባይትን ለ6600 ሰከንድ ሳካፍል የሚደርሰው 2.3 ሜጋቢት ብቻ ነው። ይህ 1080 ለሚባለው፣ ማለትም 1920 በ1080 ነጥብ ላለው ምስል፣ እጅግ ያንሳል፤ ኢንኮደሩ ቢት ሲያጥረው ፊትን ሰም ያስመስላል። ወደ 720፣ ማለትም ወደ 1280 በ720 ነጥብ፣ ሲወርድ ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ ያሉት ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ስለሚቀንሱ ያችኑ ቢት የሚሻሙት ከግማሽ ያነሱ ይሆናሉ። ጥርት ያለ 720 ከተበላሸ 1080 እንደሚሻል ለማመን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብቻ በቂ ነበር፤ በስልክ ስክሪን ላይማ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ለምስሉ 2.15 ሜጋቢት ሰጥቼ አወጣሁ፤ 1.9 ይሆናል ያልሁት ፋይል ግን 3 ጊጋባይት ሆነ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፣ ስህተት አላገኘሁበትም። ኋላ የፋይሉን ዝርዝር ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ስከፍተው ድምፁ ሳይታመቅ በፒሲኤም እንደወጣ አየሁ። ያልታመቀ ስቴሪዮ ድምፅ በ48 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት በሰከንድ 1.536 ሜጋቢት ይወስዳል፤ በ110 ደቂቃ ውስጥ 1.27 ጊጋባይት ማለት ነው። ድምፁን ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ ማመቂያ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሳደርገው 106 ሜጋባይት ያህል ሆነና ፋይሉ በታሰበለት ልክ ገባ። ቦታ ሲኖር ለዘፈን 192 እሰጣለሁ። ፋይሉን በቴሌግራም በምልክበት ጊዜም «እንደ ፋይል» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ መተግበሪያው ራሱ ሊያምቀው ይችላል፣ የተደከመበትም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ዩቲዩብ ላይ ለሚጫን ቅጂ ነገሩ ይለያል። ዩቲዩብ የሚጫንለትን ሁሉ እንደገና ስለሚያምቅ ከመጠን በላይ የተጨመቀ ፋይል መስጠት ጉዳቱን ማባዛት ነው። በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው 1080 ቪዲዮ ራሱ የሚመክረው 8 ሜጋቢት ነው፤ እኔ መስመሩ ከፈቀደ 12 እሰጣለሁ። በ8 ሜጋቢት እንኳ 110 ደቂቃው 6.6 ጊጋባይት ስለሚሆን በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ሌሊት ጭኜ ነው የምተኛው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ የማያልፉት የመጠን ወሰን ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ወሰን ካለ ሁለት ዙር ማመቅን፣ በፕሮግራሞቹ ላይ «ቱ ፓስ» ተብሎ የሚገኘውን፣ እጠቀማለሁ፤ ኢንኮደሩ በመጀመሪያው ዙር ቪዲዮውን አይቶ የት እንደሚከብድ ያጠናል፣ በሁለተኛው ዙር ከምርቃቱ ቀንሶ ለእስክስታው ይሰጣል። ጠቅላላው መጠን ግን ከታሰበው ብዙም አይርቅም። ወሰን ከሌለ ደግሞ ቢትሬት መምረጡን ትቼ ጥራት እመርጣለሁ። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ «አርኤፍ» የሚል ተንሸራታች ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም መጠኑም ይጨምራል፣ ሲበዛ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በተለመደው ኤክስ264 ኢንኮደር ስድስት ቁጥር መውረድ መጠኑን ወደ እጥፍ ያህል ያሳድገዋል፣ ስድስት መውጣት ወደ ግማሽ ያህል ያወርደዋል። እኔ ለ1080 ብዙ ጊዜ የምጠቀመው 21 ነው። በዚሁ ቁጥር አንድ ቆሞ የሚናገር ሰው የሚታይበት ስብሰባ 1.5 ሜጋቢት ሲበቃው፣ የሰርግ አዳራሽ ጭፈራ ከ9 በላይ ሲጠይቅ አይቻለሁ፤ «ለ1080 ይህን ያህል ቢትሬት ይስጡ» የሚለውን ጥቅል ምክር የማልወደውም ለዚህ ነው። ሙሉውን ከማውጣቴ በፊት ከቪዲዮው ውስጥ በጣም የሚያስቸግረውን አንድ ደቂቃ ብቻ አውጥቼ አየዋለሁ፤ እሱ ካማረ የቀረው ያምራል።

የሚያስቸግረው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኢንኮደር እንዴት እንደሚያስብ መገመት ይጠቅማል። ኢንኮደር የሚቆጥበው ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ደግሞ ባለመጻፍ ነው፤ ስለዚህ በየፍሬሙ አዲስ የሚሆን ነገር ሁሉ ቢት ይበላል። የዕጣን ጭስ፣ ሙሽሮች ላይ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት፣ የአዳራሹ የሚሽከረከር መብራትና የሚወዛወዝ ጥለት በዚህ ይታወቃሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሆዳሙ በጨለማ ቀረጻ ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ፣ ኖይዝ የምንለው፣ ነው። ዓይናችን እንደ ትርፍ ነገር ያልፈዋል፤ ኢንኮደሩ ግን እያንዳንዷን ነጠብጣብ እንደ ቁም ነገር ይዞ ሊጽፍ ይሞክራል። በአይኤስኦ 6400፣ ማለትም የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት በጣም ከፍ ተደርጎ፣ የተቀረጸ የምሽት ክፍል ላይ ቀላል የኖይዝ ማስወገጃ ሳደርግበት በዚያው የጥራት ቁጥር መጠኑ በሲሶ ያህል ወረደ። ማስወገጃውን ማብዛት ግን ቆዳን ፕላስቲክ ያስመስላል፤ የሥራውንም ሰዓት ያራዝማል። የራሴንም ጥፋት ልናገር፤ አንድ ጊዜ «የድሮ ፊልም መልክ» የሚሰጥ ኢፌክት በሙሉው ቪዲዮ ላይ ለጥፌ ፋይሉ ለምን እንደከበደ ሁለት ቀን ስፈልግ ከርሜያለሁ። ኢፌክቱ ያደረገው ንጹሕ ምስል ላይ ነጠብጣብ መበተን ነበር።

መጠን ለመቀነስ ብዙ ሰው የሚመክረው ከኤች.264 ወደ ኤች.265 መሸጋገርን ነው። የመጀመሪያው በ2003፣ ሁለተኛው በ2013 የወጡ የማመቂያ ደረጃዎች ሲሆኑ፣ አዲሱ ተቀራራቢ ጥራትን በግማሽ ገደማ ቢት መስጠት እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለራሴ ማኅደር እጠቀምበታለሁ። ለደንበኛ ግን አንድ ጊዜ ሰጥቼ ተቀጥቻለሁ። የክርስትና ቪዲዮ ነበር፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዳቦ ተቆርሶ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ካህኑ ሲጸልዩ ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ቴሌቪዥኑ የቆየ ስለነበር ድምፁን እንጂ ምስሉን መፍታት አልቻለም። የሚከፈትበትን ዕቃ ካላወቅሁ በቀር በኤች.264 ነው የምሰጠው፤ የሚበልጠውን ቦታም እችለዋለሁ።

ፍጥነትንም በሚመለከት በግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ኢንኮደር ያንን የሁለት ሰዓት ግድም ሰርግ በእኔ ኮምፒውተር ላይ በ20 ደቂቃ ሲጨርሰው፣ በፕሮሰሰር የሚሠራው ኤክስ264 «ስሎው» በሚለው ምርጫ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ቢትሬቱ ሰፊ ከሆነ ልዩነታቸው ስለማይታይ ፈጣኑን እጠቀማለሁ። እንደ ቴሌግራሙ ቅጂ ቢት ሲጠብ ግን ዝግተኛው በዚያው መጠን የተሻለ ምስል ያወጣልና መብራት እንዳይሄድ እየጸለይሁ ሦስቱን ሰዓት እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀ በኋላ መብራት ሄዶ ፋይሉ ሳይዘጋ ተቋረጠና ጨርሶ አልከፈት አለ። ኋላ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚሉትን፣ ገዛሁ።

ጭራሽ መታመቅ የማያስፈልገው ሥራም አለ። አንድ ንግግር ፊትና ኋላው ብቻ እንዲቆረጥ ሲፈለግ ሎስለስከት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሳይፈታና ሳያምቅ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሥራው በደቂቃ ያልቃል፣ ጥራቱ ያው ነው፣ መጠኑም በተቆረጠው ልክ ይቀንሳል። ብቸኛው ጣጣ መቁረጥ የሚቻለው ኪፍሬም በሚባሉት፣ ምስሉ ሙሉ በሙሉ በተጻፈባቸው ፍሬሞች ላይ በመሆኑ መነሻው አንድ ሁለት ሰከንድ ሊቀድም መቻሉ ነው። የዚያን የመልስ ቀረጻ ቀለምና ጽሑፍ ባልነካ ኖሮ በዚህ መንገድ 4 ጊጋባይት በማይሞላ ፋይል በጨረስሁት ነበር።

አሁን የምሠራበት ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ቅንብሩ ሲያልቅ በመጀመሪያ በሰከንድ 50 ሜጋቢት አንድ ዋና ቅጂ አወጣለሁ፤ ለዚያ ሰርግ 41 ጊጋባይት ሆኖ ነበር፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ለማንም አይሰጥም። የፍላሹ፣ የቴሌግራሙና የዩቲዩቡ ቅጂዎች እያንዳንዳቸው በቀጥታ ከዚህ ከዋናው ይወጣሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይወጣም። ፋይሉን ለደንበኛው ከማስረከቤ በፊት የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ ከፍቼ አያለሁ፤ ቀጥሎ ፍላሹን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ዕድሜው ከአሥር ዓመት በላይ ነው። እሱ ከከፈተው ማንኛውም ቤት ያለው ይከፍተዋል። እናቴም የማታውቃቸውን ሙሽሮች እያየች ጥለቱ ያልታያት እንደሆነ ትነግረኛለች።